ኦክስጅን ሴንሰር ሲበላሽ የትኛውን ልግዛ? አምስት አማራጮች፣ ከመግዛት እስከ ቤት ውስጥ መግጠም

አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያ ወደሆነው ሶማሌ ተራ ገብተው «የቪትዝ ኦክስጅን ሴንሰር አለ?» ብለው ቢጠይቁ፣ የመጀመሪያው ሱቅ «ኦሪጅናሉን ነው ኮፒውን?» ይላል። ሁለተኛው ከፌስታል ውስጥ ያገለገለ አውጥቶ ያሳያል። ሦስተኛው ደግሞ «ይሄ ለሁሉም መኪና ይሆናል፣ ሽቦውን ብቻ ቀጥለው» ይላል። የሦስቱ ዋጋ ሰማይና ምድር ነው፤ ዕቃዎቹ ግን ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ዋናውን ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሻጩም ገዢውም አያነሱትም፦ የላይኛው ነው ወይስ የታችኛው?

ኦክስጅን ሴንሰር በሞተሩ ጭስ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ዕቃ ነው። አብዛኞቹ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪኖች ሁለት አላቸው። የላይኛው (ሴንሰር 1) ከካታሊስቱ (ጭሱን ከሚያጣራው ዕቃ) በፊት፣ ኮሌቶሬው (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ብረት) ላይ ወይም ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቱቦ ላይ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ የሚወስነው ይህ በሚነግረው ነው። የታችኛው (ሴንሰር 2) ከካታሊስቱ በኋላ ተቀምጦ ካታሊስቱ ሥራውን መሥራቱን ይከታተላል፤ በቤንዚን ፍጆታ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው፦ ገንዘብዎን የላይኛው ላይ ያውጡ፣ መቆጠብ ግድ ከሆነ የታችኛው ላይ ይቆጥቡ።

(በካርቡራተር የሚሠራው የድሮ ላዳ ይህ ዕቃ የለውም። የድሮ የናፍጣ ሚኒባስ ያላቸውም እዚህ የተጻፈው አይመለከታቸውም።)

መጀመሪያ፦ እውነት ሴንሰሩ ነው የተበላሸው?

የቼክ ኢንጂን መብራት ስለበራ ብቻ ሴንሰር አይገዛም። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘውን ርካሹን የኦቢዲ (የብልሽት ኮድ) ማንበቢያ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ ሰክተው ኮዱን ያንብቡ። ማንበቢያ ከሌለዎት ጋራዥ ያነብልዎታል፤ ሲወጡ ግን «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» የሚለውን ቃል ሳይሆን የኮዱን ቁጥር ጽፈው ይውጡ።

ከፒ0130 እስከ ፒ0135 ያሉት ኮዶች የላይኛውን፣ ከፒ0136 እስከ ፒ0141 ያሉት የታችኛውን ሴንሰር የሚመለከቱ ናቸው። ፒ0133 ሴንሰሩ ዘገምተኛ ሆኗል ማለት ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ እርጅና ነው። ፒ0135 እና ፒ0141 የማሞቂያውን መስመር ይከሳሉ። እዚህ ላይ ሴንሰሩን ከመፍረድዎ በፊት ፊውዙን ይዩ። ቀጥሎ ሶኬቱን ነቅለው፣ ቁልፉን ከፍተው፣ ከመኪናው በኩል ባለው ሶኬት ላይ 12 ቮልት መድረሱን በቴስተር ይለኩ። መብራት የማይደርሰው ማሞቂያ አዲስ ቢሆንም አይሞቅም።

ፒ0171 (ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ)፣ ፒ0172 (ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ) እና ፒ0420 (የደከመ ካታሊስት) ሲመጡ ግን ሴንሰሩ ያየውን ተናገረ እንጂ ጥፋተኛ ነው አልተባለም። አንድ ምሳሌ፦ ከሴንሰሩ በፊት ኮሌቶሬው ቢሰነጠቅ ወይም ጓርኒሲዮኑ (በብረቶቹ መካከል ያለው ማሸጊያ) ቢያስተነፍስ የውጭ አየር ወደ ጭሱ ይገባል። ሴንሰሩ «ኦክስጅን በዝቷል» ይላል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል። በጣም ውዱን ሴንሰር ገዝተው ቢገጥሙም አዲሱ ያንኑ ይደግመዋል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነስተው ኮሌቶሬው አካባቢ «ቲክ ቲክ» የሚል ድምፅ ካለ ያዳምጡ፤ ሲሞቅ ብረቱ ተለጥጦ ድምፁ ሊጠፋ ስለሚችል ፍለጋው የጠዋት ሥራ ነው።

ከጋራዥ የሚሰማ ሌላ ሰበብ አለ፦ «አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ነው ቤንዚን የሚበላው»። ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በዚህ አየር ካርቡራተር ካልተስተካከለ በእርግጥ ቤንዚን ያበዛል። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን የሚገባውን አየር እየለካ ያስተካክላል፣ ኦክስጅን ሴንሰሩም የመጨረሻዋን እርማት ይሰጣል። ስለዚህ በኢንጀክሽን መኪና ከፍታ ሰበብ አይሆንም።

የስልኩ መተግበሪያ የቀጥታ ንባብ ካሳየ ፍርዱ ይቀላል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ሲያዝ፣ ጤነኛ የሆነ ተራ (ዚርኮኒያ) የላይኛው ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት መካከል በ10 ሰከንድ ውስጥ ስምንት ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይዋዥቃል። አንድ ቁጥር ላይ ከደረቀ ወይም እየተጎተተ ከተንቀሳቀሰ አርጅቷል። የታችኛው በተቃራኒው ረጋ ብሎ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ መቀመጥ አለበት። እሱም እንደ ላይኛው የሚዋዥቅ ከሆነ የደከመው ካታሊስቱ ነው፤ የታችኛውን ሴንሰር መቀየር ምንም አይለውጥም።

በምን እንመዝናቸው?

ዓይነት። ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ከላይ የጠቀስነው በቮልት የሚዋዥቀው ተራው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች፣ በተለይም ቶዮታዎች፣ ከላይኛው ቦታ ላይ ሌላ ዕቃ አላቸው፦ ኤ/ኤፍ ሴንሰር የሚባለው፣ የአየርና የቤንዚኑን መጠን በጥልቀት የሚለካ። ሁለቱም አራት ሽቦ ሊኖራቸው፣ ጥርሳቸውም አንድ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይሠራም። በቶዮታ መለያው ቀላል ነው፦ የዕቃ ቁጥሩ በ89465 ከጀመረ ተራው ኦክስጅን ሴንሰር፣ በ89467 ከጀመረ ኤ/ኤፍ ነው። ሻጩ «ያው ነው» ቢል እንኳ ያው አይደለም። ትክክለኛውን ቁጥር ከአሮጌው ሴንሰር አካል ላይ ያንብቡ፤ ከተፋቀ ሊብሬው ላይ ባለው የሻንሲ ቁጥር ያስፈልጉ። በመኪናው ስምና በዓመተ ምርት ብቻ መግዛት አይበቃም፤ በአንድ ዓመት የተሠራ አንድ ዓይነት መኪና በሁለት የተለያየ ሞተር ሊመጣ ይችላል።

ማሞቂያ። ሴንሰሩ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልሞቀ አያነብም። ማሞቂያው ቶሎ ወደዚያ ሙቀት ያደርሰዋል። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ሄዶ ለሚቆም፣ በየመብራቱ ለሚጠብቅ መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማሞቂያው የሞተ ወይም ደካማ ከሆነ የጉዞው ትልቁ ክፍል ኮምፒውተሩ በግምት ቤንዚን እየረጨ ያልቃል። ማሞቂያው በኦም ይለካል፦ ለቶዮታ ተራ ሴንሰር በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ11 እስከ 16 ኦም፣ ለኤ/ኤፍ ከ1.8 እስከ 3.4 ኦም። የሌሎች መኪኖች ተራ ሴንሰሮች ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ኦም ውስጥ ናቸው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል።

ሶኬትና የሽቦ ርዝመት። ሶኬቱ ያለ መጋዝና ያለ ቴፕ መግባት አለበት። ሽቦው ካጠረ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይበጠሳል፤ ከረዘመ ተንጠልጥሎ ከጋለው ቱቦ ጋር ይገናኛል።

የፎርጅድ ሥጋት እና መመለስ መቻሉ አብረው ይሄዳሉ። ብዙ ሱቅ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ስለዚህ ምርመራው ከመክፈል በፊት፣ ሱቁ በር ላይ ነው የሚያልቀው። ትንሽ ቴስተር ኪስዎ ይዘው ይሂዱ፤ ማሞቂያውን ለመለካት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ ይህንን የሚከለክል ሻጭ ካለ ደግሞ መልስ ሰጥቶዎታል።

ዋጋን በብር አንጽፍም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ተረጋግቶ የሚጻፍ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም፤ አማራጮቹን ከውዱ ወደ ርካሹ እንሂድ።

1. በመኪናው ኩባንያ ሳጥን የሚመጣው ኦሪጅናል

ከሁሉም ውድ ነው፤ ስለ መግጠሙም ጥያቄ የለውም። በሻንሲ ቁጥር ይታዘዛል፣ ሶኬቱ ይገባል፣ ደረሰኝ አለው። ጉድለቱ ዋጋውና መጠበቁ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ የመኪና ኩባንያዎች ሴንሰሩን ብዙውን ጊዜ ራሳቸው አይሠሩትም። የቶዮታን ሴንሰሮች ለምሳሌ ዴንሶ ነው የሚሠራቸው። ከዋጋው የተወሰነውን የሚከፍሉት ለሳጥኑ ነው ማለት ነው።

2. በአምራቹ ሳጥን የሚመጣው፣ ልክ የሚገጥም

ዴንሶ፣ ኤንቲኬ እና ቦሽ ለመኪና ፋብሪካዎች የሚያቀርቡትን ሴንሰር በራሳቸው ሳጥንም ይሸጣሉ። ለላይኛው ሴንሰር የእኛ ምርጫ ይህ ነው፤ ግን የእርስዎን መኪና ሴንሰር መጀመሪያ የሠራው ማን እንደሆነ አይተው ያንኑ ይግዙ። ቶዮታ ላይ ዴንሶ፣ ብዙ የአውሮፓ መኪና ላይ ቦሽ ያገኛሉ። ኤ/ኤፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ይህን ምክር ሕግ ያድርጉት፤ ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው ንባብ ለዚያ ሴንሰር የተሰላ ነውና።

ችግሩ በጣም የሚመሰለውም ይኸው ዓይነት መሆኑ ነው። ሳጥኑን ማየት አይበቃም፣ ሳጥን በቀላሉ ይታተማል። ዕቃውን ያውጡት፦ ስሙና ቁጥሩ ብረቱ ላይ በንጹሕ ጽሑፍ ተቀርጸው ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለባቸው፤ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ቀለም አጠራጣሪ ነው። የአሮጌውን ሴንሰር ይዘው ሄደው የጫፉን ቀዳዳዎች ቁጥርና አቀማመጥ ጎን ለጎን ያስተያዩ። ከዚያ ኦሙን ይለኩ። የ89467 ቁጥር የተጻፈበት «አዲስ» ሴንሰር 13 ኦም ካሳየ፣ ኤ/ኤፍ ሳጥን ውስጥ ተራ ሴንሰር ተቀምጧል ማለት ነው።

3. ስሙ የማይታወቅ አዲስ፣ ልክ የሚገጥም

ሱቅ ውስጥ «ኮፒ» ወይም «ሁለተኛ ደረጃ» የሚሉት። ሶኬቱ ይገባል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ባለቤቱ ይደሰታል። የሚለየው ከገጠሙት ቀን ይልቅ ከወራት በኋላ ነው፦ ማሞቂያው ይቃጠላል ወይም ንባቡ ይዘገያል፣ ኮዱም ይመለሳል። ደህና የሆነ ሊገጥምዎ ይችላል፤ ግን ከአንዱ ካርቶን የወጡ ሁለቱ እንኳ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ለታችኛው ቦታ ተቀባይነት አለው። የታችኛው ሥራ ማየት ስለሆነ ትንሽ ቢዘገይም ሞተሩ አይጎዳም። ለላይኛው ግን አንመክርም፤ የዘገየ የላይኛው ሴንሰር የሚበላው ቤንዚን በዋጋ የቆጠቡትን ቀስ በቀስ ይወስደዋል።

4. ዩኒቨርሳል፣ ሽቦው ተቆርጦ የሚቀጠል

ሴንሰሩ ያለ ሶኬት ይመጣል። የአሮጌውን ሶኬት ቆርጠው ከአዲሱ ሽቦ ጋር ያጣምሩታል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ የሚያበላሸው አቀጣጠሉ ነው።

መጀመሪያ የሽቦ ቀለም። በቦሽ አሠራር ሁለቱ ነጭ ሽቦዎች ማሞቂያ፣ ጥቁሩ ሲግናል፣ ግራጫው የሲግናሉ መሬት ናቸው። በዴንሶ (በቶዮታ) አሠራር ግን ሁለቱ ጥቁሮች ማሞቂያ፣ ሰማያዊው ሲግናል፣ ነጩ መሬት ነው። የቦሽ ዩኒቨርሳልን ቶዮታ ላይ «ጥቁርን ከጥቁር፣ ነጭን ከነጭ» ብሎ የቀጠለ ሰው የማሞቂያውን 12 ቮልት ወደ ሲግናሉ መስመር ሊልክ ይችላል። ይህ ከሴንሰሩ አልፎ ኮምፒውተሩን ሊጎዳ የሚችል ስህተት ነው። ከመቁረጥዎ በፊት በቴስተር ኦም የሚያሳዩትን ሁለት ሽቦዎች ይለዩ፤ ማሞቂያዎቹ እነሱ ናቸው፣ ከየትኛው ጋር የትኛው ቢገጥም በመካከላቸው ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው፣ ብዙ ኤሌክትሪሺያን የማያምነው፦ በብየዳ (በእርሳስ) አይቀጠልም። ሴንሰሩ ጭሱን የሚያወዳድረው ከውጭ አየር ጋር ነው፤ ያን የውጭ አየር ደግሞ ብዙ ሴንሰሮች የሚስቡት በሽቦዎቹ ውስጥ፣ በመዳቡ ክሮች መካከል ነው። የቀለጠ እርሳስ ወይም ግሪስ ያን መንገድ ይዘጋዋል፤ ሴንሰሩ ታፍኖ የተሳሳተ ያነባል። በመጨመቂያ ማያያዣ ይጨመቃል፣ በሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ ይሸፈናል፣ መጋጠሚያዎቹም እንዳይደራረቡ በተለያየ ርቀት ይቆረጣሉ። ኢሶላ ቴፕ ብቻ ከሆነ በክረምት ዝናብ ጊዜ ከመንገዱ የሚረጨው ውኃ ይገባበታል።

ለኤ/ኤፍ ቦታ ዩኒቨርሳል አይሞከርም። የቀረው ማን ነው? ተራ ሴንሰር ያለው፣ ሶኬቱ በገበያ የማይገኝ ብርቅ መኪና ያለውና እጁ በሽቦ ሥራ የሠለጠነ ሰው።

5. ያገለገለ

ከፈረሰ መኪና የወጣ ነው። እዚህ ላይ ሰዉ በሁለት ይከፈላል፦ «ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻላል» የሚልና «የሰው ትርፍ አልገዛም» የሚል። የመጀመሪያው ወገን አንዳንዴ ልክ ነው፤ ግን የሚገዙት ምን ያህል እንደተጓዘ የማይታወቅ የሚያልቅ ዕቃ መሆኑን አይርሱ። ማሞቂያ ያለው ሴንሰር ዕድሜ በጥቅሉ ከ100,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፈረሰ መኪና የወጣው ብዙውን ጊዜ ያን ጨርሶታል።

ከገዙ ጫፉን ያንብቡ። ፈካ ያለ ግራጫ ወይም ቡናማ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን ይበዛበት ከነበረ ሞተር መጥቷል፤ ሊድን ይችላል። ቅባት ያለው ጥቁር ዘይት ከሚበላ ሞተር ነው፤ ይተውት። ኖራ የመሰለ ነጭ ሽፋን ካለው የራዲያተር ፈሳሽ ወይም ሲሊኮን ነክቶታል፤ ይህ አይድንም፣ በነጻ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ። ሽቦው በሴንሰሩ አንገት ላይ ከተሰነጠቀ፣ አካሉ ከተጠረበ ወይም ሲነቀነቅ ከተንኳኳ (ውስጡ ሸክላ ነው፣ ሲወድቅ ይሰነጠቃል) እንዲሁ ይለፉት።

ቀጥሎ ኦሙ። ከዚያ ተራ ሴንሰር ከሆነ ቤት ወይም ሱቁ በር ላይ የሚደረግ የእሳት ፈተና አለ፦ ብረቱን በፒንሳ ይያዙ፣ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው ሲግናሉንና መሬቱን ይንኩ፣ ጫፉን በጋዝ ሰማያዊ ነበልባል ሙሉ በሙሉ ያልብሱት፤ ሽቦውና ፕላስቲኩ ከእሳቱ ይራቁ። ሲግል ቴስተሩ ከ0.6 ቮልት በላይ መውጣት፣ ከነበልባሉ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ደግሞ በፍጥነት ወደ 0.1 ወርዶ መገኘት አለበት። ቀስ ብሎ እየተንፏቀቀ የሚወርደው አርጅቷል። ለኤ/ኤፍ ይህ ፈተና አይሠራም፤ ያገለገለ ኤ/ኤፍ መግዛት ስለዚህ ዕውር ግዢ ነው።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | ዋጋ | ለላይኛው | ለታችኛው | ዋና ሥጋት | ቤት ውስጥ ለመግጠም |
|---|---|---|---|---|---|
| በመኪናው ኩባንያ ሳጥን | ከሁሉ ውድ | ይሆናል | ይሆናል፣ ግን ትርፍ ወጪ ነው | መጠበቅ | ቀላል |
| በአምራቹ ሳጥን | መካከለኛ ወደ ውድ | ምርጥ | ምርጥ | ፎርጅድ | ቀላል |
| ስም የሌለው አዲስ | ርካሽ | አይመከርም | ይሆናል | አጭር ዕድሜ | ቀላል |
| ዩኒቨርሳል | ርካሽ | ተራ ከሆነ ብቻ፣ በባለሙያ እጅ | ይሆናል | የሽቦ ስህተት | ከባድ |
| ያገለገለ | በጣም ርካሽ | አይመከርም | ከተፈተነ ይሆናል | ያልታወቀ ዕድሜ | ቀላል |

ሠንጠረዡ ውስጥ ያልገቡ ሁለት «መፍትሔዎች» አሉ። ሴንሰሩን በቤንዚን ማጠብ ወይም በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ የውጪውን ሽፋን ብቻ ነው የሚያጸዳው፤ ያረጀውን ሸክላ አያድስም። የታችኛውን ሴንሰር በማስረዘሚያ ከቱቦው ማራቅ ወይም ኮዱን ከኮምፒውተሩ ማስጠፋት ደግሞ መብራቱን ማጥፋት እንጂ መኪናውን ማዳን አይደለም።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ቀኑን ሙሉ በሜትር ታክሲ ለሚሠራ፦ ለላይኛው ሁለተኛው አማራጭ፣ ያለ ክርክር። በቀን ብዙ ቤንዚን የሚያቃጥል መኪና የሴንሰሩን ዋጋ ልዩነት ቶሎ ይመልሳል።

መኪናውን ጠዋትና ማታ ብቻ ለሚያንቀሳቅስና የፒ0136 ወይም የፒ0141 ኮድ ለመጣበት፦ ሦስተኛው ይበቃዋል። እጁ ላይ ብዙ ከሌለው የተፈተነ ያገለገለም ይሆነዋል።

ገንዘብ አጥሮት የላይኛው ለተበላሸበት ሰው የሚከብደው ምክር ነው ያለን፦ ኮፒ ገዝቶ ከወራት በኋላ ደግሞ ከመግዛት፣ ለሁለተኛው አማራጭ እስኪሞላለት ቢጠብቅ ይሻለዋል። መኪናው እስከዚያ ይሄዳል። ቤንዚን ይበላል እንጂ አይቆምም። ግን ወራት አያስቆጥሩት፤ የበዛው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ እየነደደ ያቃጥለዋል፣ ካታሊስት ደግሞ ከሴንሰር በእጅጉ ይወደዳል። የቤንዚን መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና አክሞ መያዙ የብዙ ሰው ዕጣ ስለሆነ ይህ ስሌት ከድሮው ይበልጥ ይከብዳል።

ሞተሩ ዘይት ለሚበላበት ወይም የራዲያተር ውኃው እየጎደለ መድረሻው ለማይታወቅበት፦ የትኛውንም አይግዙ፣ መጀመሪያ ሞተሩን ያሳክሙ። የዘይቱ ፎስፈረስና የራዲያተር ፈሳሹ ሲሊኬት አዲሱን ሴንሰር እንደ አሮጌው ይመርዙታል።

ቤት ውስጥ መግጠም

ቦታው ደረጃ (ጠፍጣፋ) ይሁን። ቸርችል ጎዳና ዳገት የመሰለ ቦታ ላይ ክሪክ አይነሳም። የላይኛው ሴንሰር በብዙ ትንንሽ መኪኖች ኮፈኑን ከፍተው ከላይ የሚደረስ ነው፤ የታችኛው ግን ከሥር ስለሆነ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ማቆሚያ መደገፍ አለበት፣ ጎማዎቹም ይታገዱ። ብሎኬት አይሆንም፣ በድንገት ይፈረካከሳል።

የሚያስፈልገው፦ 22 ሚሊ ሜትር ቁልፍ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ፣ ጓንት፣ ቴስተር፣ ቢቻል ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ)። አብዛኞቹ ሴንሰሮች ጥርሳቸው ኤም18 በ1.5 ነው። አንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ግን ሴንሰሩ በሁለት ዳዶ የሚታሰር ዝርግ አለው፤ ከሆነ አዲስ ጓርኒሲዮን አብረው ይግዙ።

ከዋዜማው ማታ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጥርሱ ሥር ስፕሬይ ያድርጉ። በማግስቱ ሞተሩን አስነስተው አምስት ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ያቆዩትና ያጥፉት። ብረቱ ለብ ሲል (በጓንት የሚያዝ ያህል፣ የጋለ አይደለም) ጥርሱ ይላላል። የባትሪውን ነጋቲቭ ይፍቱ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ።

የሴንሰር ቁልፍ (ጎኑ የተሰነጠቀ) ከሌለዎትና አሮጌው የሚጣል ከሆነ ሽቦውን ይቁረጡት፤ ተራው 22 ቀለበት ቁልፍ ከላይ ገብቶ ስድስቱንም ጎን ይይዝልዎታል። አፈ ክፍት ቁልፍ ግን ጠርዙን ያከብበዋል። ዩኒቨርሳል ከገዙ አይቁረጡ፣ ሶኬቱ ያስፈልግዎታል። ካልተፈታ በመዶሻ አይምቱት፤ ስፕሬይ ጨምረው፣ ትንሽ አጥብቀው ከዚያ እያላሉ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት። ጥርሱን ይዞ ከወጣ የቤቱ ሥራ እዚያ ያበቃል፣ የሚቀጥለው ቶርኖ ቤት ነው።

አሮጌውን ሳይጥሉ ጫፉን ከላይ ባልነው ቀለም ያንብቡ፤ ለምን እንደሞተ ይነግርዎታል።

አዲሱ ጥርሱ ላይ የተቀባ ግራጫ ወይም የመዳብ ቅባት ይዞ ከመጣ ሌላ አይጨምሩ። ካልመጣ ለሴንሰር የተፈቀደውን ብቻ፣ ጥርሱ ላይ ብቻ በስሱ ይቀቡ፤ ጫፉን ከነካው ተበላሸ። ሲሊኮን ማሸጊያ አጠገቡ አይድረስ። በእጅ እስከ መጨረሻው ያስገቡት፤ ሁለት ዙር ሄዶ ከጠነከረ ተጣሞ ገብቷል፣ ያውጡት። በቶርክ ቁልፍ ከ40 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ቶርክ ቁልፍ ከሌለ፣ 25 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 18 ኪሎ ገደማ የሚሆን ግፊት ያው ማለት ነው፤ ቁልፉ ላይ ቧንቧ አስገብቶ ማስረዘም አያስፈልግም።

ሴንሰሩን ሲያዞሩት ሽቦው አብሮ እንዲዞር ይተዉት፣ ሶኬቱን የሚሰኩት ከጠበቀ በኋላ ነው። ሽቦውን በነበረበት መያዣ ይሰሩት፤ ከኮሌቶሬው ጋር ከተነካካ ፕላስቲኩ ቀልጦ ማሞቂያው ፊውዝ ያቃጥላል፣ እርስዎም እንደገና ፒ0135 ብለው ሶማሌ ተራ ይመለሳሉ። ባትሪውን መልሰው ያገናኙ፣ ኮዱን ያጥፉ፣ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ነድተው የቀጥታ ንባቡን ይዩ። ኮዱ በሁለትና ሦስት ቀን መደበኛ ጉዞ ካልተመለሰ ሥራው አልቋል። የተመለሰው ያው ኮድ ከሆነ ሌላ ሴንሰር አይግዙ፤ ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን ሽቦ ይፈትሹ።